ስተኛ ትንፋሼ ይቆማል፤ ማደንዘዣውስ? ጥያቄዎቻችሁና መልሶቼ

ሥራዬ ሰመመን መስጠት ነው። የምሠራው ሜሪላንድ ሲሆን፣ ጨጓራቸውን ለማሳነስ ኦፕራሲዮን የሚገቡ ብዙ ሰዎች በእጄ ያልፋሉ። ብዙዎቹ ስሊፕ አፕኒያ አለባቸው፤ ሲተኙ ጉሮሯቸው እየተዘጋ ትንፋሻቸው ይቆራረጣል። ስለ ማደንዘዣ የሚያስጨንቃችሁን ላኩልኝ ብዬ ነበር፤ የሚደጋገሙትን እነሆ መልሻለሁ። የእያንዳንዳችሁን ሁኔታ የሚያውቀው ሐኪማችሁ ነውና ይህን ይዛችሁ እሱን ጠይቁ።

ጥያቄ፦ ስሊቭ የሚባለው ጨጓራ የማሳነስ ኦፕራሲዮን ሊሠራልኝ ቀን ተቆርጧል። አፕኒያዬ ከባድ ነው፣ ትንፋሽሽ በሰዓት 42 ጊዜ ይቆማል ተብያለሁ። ማደንዘዣው ወስዶኝ ሳልመለስ ብቀርስ? ሁለት ትንንሽ ልጆች አሉኝ።

መልስ፦ እህቴ፣ ፍርሃትሽ ከመሬት የተነሳ አይደለም። በሰዓት 30 እና ከዚያ በላይ ከሆነ ከባድ ይባላል፤ እኛም እንደ ከባድ ነው የምንይዘው። ግን አደጋው የት ጋ እንደሆነ እንወቅ። አፕኒያ የሚመጣው የጉሮሮ ሥጋ ላልቶ መንገዱን ሲዘጋው ነው። በሙሉ ማደንዘዣ ጊዜ ደግሞ ቱቦ በዚያው አልፎ ወደ አየር ቧንቧሽ ይገባል፤ ማሽን ይተነፍስልሻል። ቱቦው ቦታው ላይ እስካለ ድረስ የጉሮሮሽ መላላት አየር አይከለክልሽም። ሐኪሙ ሆድሽ ላይ ሲሠራ ሰመመን ሰጪው ከራስጌሽ ሆኖ እያንዳንዱን ትንፋሽሽን በስክሪን ይከታተላል።

ጥንቃቄው የሚበዛው መግቢያውና መውጫው ላይ ነው። ስትገቢ በጀርባሽ ዝርግ አድርገን አናስተኛሽም። ከትከሻሽና ከራስሽ ሥር ብርድ ልብስ እየደራረብን የጆሮሽ ቀዳዳ ከደረትሽ አጥንት ጋር እኩል እስኪሆን ከፍ እናደርግሻለን። ክብደት ያለው ሰው ትንፋሹ ሲቆም ኦክስጅኑ ቶሎ ያልቅበታል፤ ስለዚህ ከመተኛትሽ በፊት ለጥቂት ደቂቃ ንጹሕ ኦክስጅን በጭንብል ትስቢያለሽ። ጭንብሉ ካስጨነቀሽ ተናገሪ፤ ራስሽ በእጅሽ እንድትይዢው ማድረግ ይቻላል። ስትወጪ ደግሞ ጡንቻ ያላላው መድኃኒት መልቀቁን በመሣሪያ እንለካለን፣ ማርከሻም እንሰጣለን። ቱቦው የሚወጣው ቀና ብለሽ፣ ዓይንሽን ገልጠሽ፣ "እጄን ጨብጪ" ስትባዪ ከጨበጥሽ በኋላ ነው። ማርከሻው ሱጋማዴክስ ከሆነና የወሊድ መከላከያ እንክብል የምትወስጂ ከሆነ፣ ለ7 ቀን ሆርሞን የሌለው ሌላ መከላከያ ጨምሪበት። ይህ ሳይነገር የሚታለፍበት ጊዜ ስላለ ነው የማነሳው።

ጥያቄ፦ ታዲያ ኦፕራሲዮኑ ላይ ካልሆነ የሚያስፈራው የቱ ነው?

መልስ፦ የመጀመሪያው ሌሊት። ብዙ ሰው የሚፈራው የሚተኛባትን ደቂቃ ነው፤ እኔን የሚያሳስበኝ ግን ከሪከቨሪ (ከማደንዘዣ ከሚነቃበት ክፍል) ወጥቶ ዋርድ የሚገባበት ሰዓት ነው። አፕኒያ ያለበት ሰው በየሌሊቱ የሚተርፈው ሲታፈን አንጎሉ ስለሚቀሰቅሰው ነው። ሞርፊን፣ ፈንታኒልና ኦክሲኮዶንን የመሰሉ ጠንካራ ማስታገሻዎች ያንን መቀስቀሻ ያደክሙታል፤ ጉሮሮንም ያላላሉ። ስለዚህ በተቻለ መጠን ሕመሙን በታይለኖል (ፓራሲታሞል) እና ቁስሉ አካባቢ በሚወጋ ማደንዘዣ ለመያዝ ይሞከራል፤ ጠንካራው የሚመጣው የግድ ሲሆን በትንሽ በትንሹ ነው። ራስጌ ከፍ ይላል፣ ሲፓፕ (በጭንብል አየር እየገፋ ጉሮሮ እንዳይዘጋ የሚያደርገው ማሽን) ፊት ላይ ይሆናል፣ የኦክስጅን መለኪያው ከጣት አይወጣም።

አስታማሚዎች፣ ይህን እናንተም ስሙኝ። ማስታገሻ ከወሰደ በኋላ ክፉኛ እያንኮራፋ፣ ከዚያ ጸጥ እያለ፣ ደግሞ እንደገና የሚያንኮራፋ ሰው "እፎይ፣ ደህና እንቅልፍ ወሰደው" አይባልም። ቀስቅሱት፣ ነርስ ጥሩ።

ጥያቄ፦ ሳትሸፋፍኑ ንገሩን። ስንት ሰው ይሞታል?

መልስ፦ በ2009 የታተመ ትልቅ የአሜሪካ ጥናት ለክብደት ኦፕራሲዮን የተደረገላቸውን 4,776 ሰዎች ተከታትሎ ነበር። በ30 ቀን ውስጥ የሞቱት ከሺህ 3 ገደማ ናቸው። ይህ የደም መርጋትንና የስፌት መልቀቅን ሁሉ ጨምሮ ነው፤ የማደንዘዣ ብቻ አይደለም። ያው ጥናት አፕኒያ ያለባቸው ሰዎች ለከባድ ችግር ይበልጥ እንደሚጋለጡ አሳይቷል። አልደብቃችሁም። የምደክመውም ለዚህ ነው፤ አፕኒያ አስቀድሞ ሲታወቅና ሲታከም ልንዘጋጅለት እንችላለን።

ጥያቄ፦ ምርመራ አድርጌ አላውቅም፤ ባለቤቴ ግን "ስታንኮራፊ ቤቱን ታናውጪዋለሽ" ይለኛል። ብናገር ቀጠሮዬ ይራዘምብኛል ብዬ ፈርቻለሁ።

መልስ፦ ተናገሪ። ያልታወቀው ከታወቀው ይብሳል። ስቶፕ ባንግ የሚባል ባለ 8 ነጥብ መጠይቅ አለ፦ ጮክ ያለ ማንኮራፋት፣ የቀን ድካም፣ ትንፋሽ ሲቆም ያየ ሰው መኖሩ፣ ደም ግፊት፣ ቢኤምአይ (ክብደት ከቁመት ጋር ተነጻጽሮ የሚሰላው ቁጥር) ከ35 በላይ መሆን፣ ዕድሜ ከ50 በላይ መሆን፣ የአንገት ውፍረት፣ ወንድ መሆን። 3 ከደረስሽ ያጠራጥራል፤ 5 እና ከዚያ በላይ ከሆነ በጣም ያሰጋል። ባለቤትሽ አንድ ሌሊት በስልኩ ይቅረጽሽና ለሐኪምሽ አሳይው። በዚህ ምክንያት ጥቂት ሳምንት ቢራዘም አይቆጭሽ።

ጥያቄ፦ ሲፓፑ ስለሚያፍነኝ አልጋ ሥር ከወረወርኩት ቆየሁ። ደግሞ አየሩ ስፌቱን ይፈታዋል ሲሉ ሰማሁ።

መልስ፦ ከአልጋ ሥር አውጣው፣ እጠበው፣ ዛሬውኑ ጀምር። የሚያፍነው ብዙ ጊዜ ጭንብሉ ልክ ስላልሆነ ነው። አፍንጫ ላይ ብቻ የሚቀመጡ አሉ፤ አስቀይር። ቀን ቀን ቴሌቪዥን እያየህ ለግማሽ ሰዓት አድርገው፣ ፊትህ ይለምደው። ሆስፒታል ስትሄድ ማሽኑንም የራስህን ጭንብልም ይዘህ ሂድ፤ የሰው ጭንብል በዚያ ሌሊት አይለመድም። ስፌቱን በሚመለከት ግን፣ የተደረጉት ጥናቶች ሲፓፕ የተጠቀሙት ላይ ስፌት ይበልጥ ሲለቅ አላዩም።

ጥያቄ፦ መሃል ላይ ነቅቼ ሁሉን እየሰማሁ መናገር ቢያቅተኝስ?

መልስ፦ በጣም ብርቅ ነው። በ2014 የወጣ የብሪታኒያና የአየርላንድ ትልቅ ጥናት ሙሉ ማደንዘዣ ከወሰዱት በግምት ከ19,000 አንዱ እንዲህ ማለቱን መዝግቧል። ከዚህ በፊት የደረሰብህ ነገር ካለ ግን የግድ ተናገር።

ጥያቄ፦ ኦዜምፒክ የሚባለውን የስኳርና የክብደት መቀነሻ መርፌ እወስዳለሁ። ጠዋት ቡና ካልጠጣሁ ራሴን ያመኛል። እናቴ ደግሞ ጸበል ሳትቀምሺ አትገቢም ትለኛለች።

መልስ፦ ኦዜምፒክና መሰሎቹ ጨጓራ ቶሎ ባዶ እንዳይሆን ያደርጋሉ፤ ስትተኚ ምግብ ወደ ሳንባ እንዳይገባ ያሰጋል። በ2023 የአሜሪካ ሰመመን ሐኪሞች ማኅበር በሳምንት አንዴ የሚወጋው ከሳምንት በፊት ይቁም ብሎ ነበር። በ2024 ደግሞ ብዙዎች ሳያቆሙ፣ የመጨረሻውን ቀን በፈሳሽ ብቻ አሳልፈው መግባት እንደሚችሉ ተነገረ። ውሳኔው የሐኪሞችሽ ነው፤ አንቺ የመጨረሻውን መርፌ ቀን በትክክል ንገሪ።

ወተት የሌለበት ቡናና ውኃ በአጠቃላይ ደንቡ ማደንዘዣው ሊሰጥ 2 ሰዓት እስኪቀረው ድረስ ይፈቀዳል። ማኪያቶ ግን እንደ ምግብ ስለሚቆጠር 6 ሰዓት ይፈልጋል። ጸበሉም ውኃ ነውና በውኃው ሰዓት ጠጪው። ሆስፒታሉ ጠበቅ ያለ ሰዓት ከሰጠሽ የእሱን ያዢ። አብሽ የምትጠጡ፣ ጫት የምትቅሙ ካላችሁ ደግሞ ሳታፍሩ ተናገሩ። አብሽ ስኳር ያወርዳል፣ ጫት የልብ ምትና ግፊት ይጨምራል።

ጥያቄ፦ እናቴ እንግሊዝኛ አትችልም። እኔ ባስተረጉምላት አይሻልም?

መልስ፦ አይሻልም። አሜሪካ ውስጥ የፌዴራል ገንዘብ የሚቀበል ሆስፒታል አስተርጓሚ በነጻ የማቅረብ ግዴታ አለበት፤ ቀጠሮ ስትይዢ "አማርኛ" ብለሽ አስመዝግቢ። እናቶች ለልጅ የማይነግሩት ነገር አለ፤ ማንኮራፋቱም፣ የሚደብቁት እንክብልም እዚያ ውስጥ ነው። አንቺ አጠገቧ ሆነሽ እጇን ያዢላት።

ጥያቄ፦ ክብደቴ ሲወርድ ማሽኑን ልጣለው?

መልስ፦ ብዙዎች በጣም ይሻላቸዋል፤ ሁሉም ግን ሙሉ በሙሉ አይድንም። ማንኮራፋቱ ስለቀረ ብቻ አይጣልም። ኪሎው ከወረደ በኋላ የእንቅልፍ ምርመራው ይደገምና በውጤቱ ከሐኪምህ ጋር ወስን። እስከዚያ የማሽኑን የአየር ግፊት ያስተካክሉልህ፤ ፊትህ ሲከሳ ጭንብሉም ስለሚሰፋ ልኩን አስቀይር።