መልስ፦ ስክሪን አንባቢው የአማርኛ ሰነዴን ለምን ያበላሸዋል?

ለዓይነ ስውር ባልደረባዎ የላኩትን የአማርኛ ሰነድ ስክሪን አንባቢው (በስክሪን ላይ ያለውን ጽሑፍ በድምፅ የሚያነብ ፕሮግራም) ትርጉም የለሽ የላቲን ፊደል እያደረገ እንደሚያነብባቸው ጽፈዋል። ችግሩ የፎንቱ ይመስለኛል። ከዩኒኮድ (ለእያንዳንዱ ፊደል የራሱን ኮድ ከሚሰጠው ዓለም አቀፍ ሥርዓት) በፊት የተሠሩ የግዕዝ ፎንቶች ለላቲን ኮድ የእኛን ፊደል መልክ ያለበሱ ናቸው፤ ዓይን ይታለላል፣ ማሽን ግን የሚያነበው ኮዱን ነው። ጽሑፉን ገልብጠው ኖትፓድ ላይ ይለጥፉት። «›Ã» የመሰለ ዝብርቅርቅ ከወጣ ወደ ዩኒኮድ መለወጥ የግድ ነው፤ ፎንቱን ብቻ እንደ ኒያላ ወዳለ የዩኒኮድ ፎንት መቀየር ምንም አይፈይድም።

የሚልኩት የፓወርፖይንት ስላይድ ከሆነ ደግሞ ርዕሱን በተዘጋጀለት ቦታ ይጻፉ እንጂ እንደ ልብዎ ሳጥን እየሳሉ አይበትኑት። በፓወርፖይንት ሴሌክሽን ፔን (በስላይዱ ላይ ያሉትን ነገሮች ሁሉ በሚዘረዝረው ሰሌዳ) ውስጥ ዝርዝሩ የሚነበበው ከታች ወደ ላይ ነው (ለምን እንዲህ እንዳደረጉት እንጃ!)፤ ስለዚህ ርዕሱ ከዝርዝሩ ግርጌ ይሁን። ለሥዕሎቹም አጭር መግለጫ ይጻፉላቸው። ኤንቪዲኤ የተባለው ስክሪን አንባቢ በነጻ ስለሚገኝ ከመላክዎ በፊት ጭነው ያዳምጡት።