«ፋስት» ቅጽል ነው ወይስ ተውሳከ ግስ?

እህቴ፣ ጥያቄሽን አይቼ ዝም ብዬ ማለፍ አልቻልኩም። 8ኛ ክፍል ያለው ልጅሽ «ፋስት» የሚለው የእንግሊዝኛ ቃል በአንዱ ወርክሺት ቅጽል፣ በሌላው ተውሳከ ግስ ተብሎ ታርሞለት ግራ ገብቶታል። የቱ ነው ትክክል ብለሻል። ሁለቱም ትክክል ናቸው። እኔ እዚሁ ጅማ ልጆችን እንግሊዝኛ አስጠናለሁ፤ ይህ ጥያቄ ሳይነሳ ያለፈ ክረምት አላስታውስም።

ጣጣው ከሽምደዳ ይጀምራል። ልጆቹ የቃል ዝርዝር ይይዙና «ይሄ ስም፣ ይሄ ግስ» እያሉ ያጠናሉ። አማርኛ ላይ «ፈጣን»፣ «ፍጥነት»፣ «በፍጥነት» እያልን መልኩን እንለውጣለን። እንግሊዝኛ ግን ብዙ ጊዜ ቃሉን ሳይነካ ቦታውን ብቻ ይቀይራል። ስለዚህ ልጅሽ መጠየቅ ያለበት «ቃሉ ምንድን ነው?» ብሎ ሳይሆን «እዚህ ጋ ምን እየሠራ ነው?» ብሎ ነው።

ያንኑ ፋስትን እንየው። «ኤ ፋስት ባጃጅ» ካልን ባጃጁን ስለሚገልጽ ቅጽል ነው። «ዘ ባጃጅ ጎዝ ፋስት» ላይ የሚገልጸው አካሄዱን ነው፤ ተውሳከ ግስ ሆነ። በዚህ አያበቃም። «ዊ ፋስት ኦን ፍራይዴይስ» ማለት ዓርብ ዓርብ እንጾማለን ነው፤ ግስ። «ዘ ፋስት ኦፍ ረመዳን» ደግሞ ጾሙ ራሱ ነው፤ ስም። አራቱን ሰሌዳ ላይ ደርድሬ «ፋስት» የሚለውን ብቻ በቀይ ሳሰምርበት፣ ከዚያ በኋላ ብዙ ማስረዳት አያስፈልገኝም። ልጆቹ ራሳቸው ግራና ቀኙን ማየት ይጀምራሉ።

ግስ መሆኑን ለማወቅ ወደ ኃላፊ ጊዜ ቀይረው በለው። «ማይ ማዘር ዋተርስ ዘ ኮፊ ፕላንትስ» ላይ «ዋተርስ» ወደ «ዋተርድ» ይቀየራል፤ ስለዚህ ግስ ነው፣ ውሃ ታጠጣለች ማለት ነው። ቅጽል ላይ ደግሞ ብዙውን ጊዜ «ቬሪ» ይገባል።

በየታፔላው የምናየው «ኮፊ ሻፕ» ግን ጎበዞቹንም ያሳስታል። «ሻፕ»ን ስለሚገልጽ «ኮፊ» ቅጽል ነው ይላሉ። «ቬሪ ኮፊ ሻፕ» ይባላል? አይባልም። «ዘ ሻፕ ኢዝ ኮፊ»ም አያስኬድም። ስም ሆኖ ሌላ ስም የሚገልጽ ነው። አንዳንድ መምህራን ሥራውን አይተው ቅጽል ይሉታል፤ እኔ ግን ስም መባሉን እመርጣለሁ፣ ልጁ በኋላ አይምታታበትም።

«ሊ» ብሎ የሚጨርስ ሁሉ ተውሳከ ግስ ነው የሚለውንም ህግ ከአሁኑ ቢተወው ይሻላል። «ፍሬንድሊ» እና «ላቭሊ» ቅጽል ናቸው። «ሀርድሊ» ተውሳከ ግስ ቢሆንም ትርጉሙ ሌላ ነው፦ «ሺ ወርክስ ሀርድ» ጠንክራ ትሠራለች፣ «ሺ ሀርድሊ ወርክስ» ግን ከነጭራሹ አትሠራም ለማለት ምንም ያህል አይቀረውም።

«አፍተር»ም ፈተና ላይ አይጠፋም። ከኋላው ስም ብቻ ካለ፣ ለምሳሌ «አፍተር ስኩል»፣ መስተዋድድ (ፕሪፖዚሽን) ነው። ባለቤትና ግስ ከተከተሉት፣ ለምሳሌ «አፍተር ሺ ኬም»፣ መስተጻምር (ኮንጀንክሽን) ነው።

ሌላ ቃል ካስቸገረው ያለበትን ዓረፍተ ነገር በሙሉ ፎቶ አንሺና ለጥፊልን። አብረን እናየዋለን።