የወታደር ቢላና ሳንጃ፦ መለየት፣ ማጽዳት፣ ማቆየት (ጥያቄና መልስ)

ወደ ጥያቄዎቹ ከመግባታችን በፊት አንድ ነገር እንያዝ። የሰብሳቢ ቢላ ዋጋ ያለው ከፋብሪካ ይዞት በወጣው ሽፋን፣ ማህተምና ቅርጽ ላይ ነው። ዝገትን ማስቆም አንድ ሥራ ነው፣ ቢላውን አዲስ ማስመሰል ደግሞ ሌላ። እዚህ የምንነጋገረው ስለ መጀመሪያው ነው።

ጥያቄ፦ የ2ኛው የዓለም ጦርነት ካ-ባር (የአሜሪካ ማሪኖች ቢላ) አግኝቻለሁ፤ ቀይ ዝገት ለብሷል። አቼቶ ውስጥ ባሳድረው ይጠራል?

መልስ፦ ይጠራል፤ ችግሩም እሱ ነው። አቼቶ ዝገቱንና የፋብሪካውን ሽፋን አይለይም። የዚያ ዘመን ቢላዎች ሽፋን ፎስፌት (ፓርከራይዝ፣ ግራጫማ የኬሚካል ሽፋን) ወይም ብሉዊንግ (ሰማያዊ-ጥቁር ሽፋን) ነው፤ ሁለቱም በአሲድ ይሟሟሉ። ጠዋት የምታገኘው ግራጫ፣ የደነዘዘ ብረት ነው፤ የሚያውቅ ገዢ ደግሞ ከሩቅ ይለየዋል።

ይልቅ ቀጭን የማሽን ዘይት በብሩሽ ቀባውና 24 ሰዓት ተወው። ከዚያ የመዳብ ወይም የነሐስ ቁራጭ ጠርዝ ይዘህ የለሰለሰውን ዝገት ፋቅ፤ ከብረቱ ስለሚለሰልሱ አይጭሩትም። የቀረውን በጣም ደቃቅ በሆነው 0000 ቁጥር የብረት ሱፍ ዘይት አስነክተህ፣ ሳትጫን፣ በስለቱ ርዝመት ብቻ እሽው። ጥረግ፣ እንደገና ዘይት ቀባ፣ ድገም። ሁለት ሦስት ቀን ቢወስድ አትደነቅ።

የት ላይ እንደምታቆም ጨርቁ ይነግርሃል። ጨርቅ ላይ የሚቀባው ዱቄታማ ቀይ ዝገት አሁንም ብረቱን እየበላ ነው። ጨርቅ የማያቆሽሸው፣ የተጣበቀው ጥቁር ወይም ጥቁር ቡናማ ግን ረግቷል፤ እሱን አትንካ። ብዙ ሰው ቢላውን የሚያበላሸው እዚህ ነው፦ ዝገቱ ቦርቡሮ የተወውን ጉድጓድ ለማስተካከል ብርጭቆ ወረቀት ያነሳና ጉድጓዱ ሳይጠፋ ማህተሙ ይጠፋል።

ጥያቄ፦ በኤሌክትሪክ (ኤሌክትሮሊሲስ) ማጽዳትስ?

መልስ፦ እጀታው ያልወለቀ ቢላ ውሃ ውስጥ አይገባም። ውሃው በእጅ መከታው ሥር ገብቶ የእጀታው ቆዳ ውስጥ ያለውን የስለቱን የብረት ጭራ ማየት በማትችልበት ቦታ ያዝገዋል። ለብቻው ለወጣ የብረት ሰገባ ግን ይሠራል፤ ቀለም ካለው ግን ቀለሙን ስለሚያነሳ ተወው። ለ4 ሊትር ውሃ 1 የሾርባ ማንኪያ ሶዲየም ካርቦኔት ጨምር፤ ዕቃውን ከኤሌክትሪክ ምንጩ አሉታዊ ጫፍ፣ ተራ ብረት ከአዎንታዊው ጋር አያይዝ። በአዎንታዊው በኩል የማይዝግ ብረት (ስቴንለስ) ፈጽሞ አታስገባ፤ መርዛማ ክሮሚየም ወደ ውሃው ይለቃል። የሚወጣው ጋዝ ሃይድሮጅን ስለሆነ አየር በሚገባበት ቦታ፣ ከእሳት ርቀህ ሥራ። ለስለት ግን አልመክርም፤ ሃይድሮጅን የጠነከረ ብረት ውስጥ ገብቶ ተሰባሪ ሊያደርገው ይችላል።

ጥያቄ፦ ሻጩ ካ-ባር ነው ብሎኛል፣ ማህተሙ ግን ካሚለስ ይላል። ተታለልኩ?

መልስ፦ አልተታለልሽም። እ.ኤ.አ. በ1942 መጨረሻ ተቀባይነት ያገኘውን የአሜሪካ ማሪኖች ቢላ ካሚለስ፣ ሮብሰን፣ ፓልና ዩኒየን ከትለሪ ሠርተውታል። ካ-ባር የዩኒየን ከትለሪ የንግድ ምልክት ነበር፤ ስሙ ገንኖ የሁሉም መጠሪያ ሆነ።

ጥያቄ፦ ፎርጅዱን ከኦርጅናሉ በምን እንለየው?

መልስ፦ በሜትር ጀምሩ። የካ-ባር ስለት 7 ኢንች ወይም 17.8 ሴ.ሜ ገደማ ነው፤ የኤም3 (የሌላው የአሜሪካ ጦር ቢላ) ደግሞ 6¾ ኢንች፣ 17.1 ሴ.ሜ ገደማ። በግማሽ ሴንቲሜትር ካጠረ ጫፉ ተሰብሮ እንደገና ተሞርዷል ማለት ነው። ይህ ፎርጅድ አያሰኘውም፤ ዋጋውን ግን ይጥለዋል።

ከዚያ ማጉያ መነፅር ይዛችሁ ማህተሙን እዩ። በመዶሻ ወይም በማተሚያ የተመታ ፊደል ብረቱን ወደ ጎን ስለሚገፋ ጠርዙ ትንሽ ያብጣል። ፋብሪካው ማህተሙን የሚመታው ሽፋኑን ከማልበሱ በፊት ስለሆነ ሽፋኑ ፊደሉ ውስጥም አለ። በሌዘር ወይም በኋላ የተቀረጸ ከሆነ ጥልቀቱ ወጥ ነው፣ ሽፋኑም ፊደሉ ላይ ተቆርጦ ይታያል።

ኤም3 ላይ አንድ ጥሩ መለያ አለ፦ ስለቱ ላይ ዓመት የተመታባቸው የ1943 ናቸው፤ በኋላ ጽሑፉ ወደ እጅ መከታው ዞሯል። የእንግሊዝ ኮማንዶዎች ጩቤ የሆነው ፌርበርን-ሳይክስ ደግሞ ራሱን የቻለ ፈተና ነው። ዊልኪንሰን ሶርድ ከ1941 ጀምሮ የሠራው የመጀመሪያው ዓይነት የእጅ መከታው እንደ ኤስ ፊደል የተጠማዘዘ ነው፤ ስለቱ ላይ ያለው ጽሑፍም በአሲድ የተጻፈ እንጂ የተመታ አይደለም። ስስ ስለሆነ ጥቂት ማሸት ያጠፋዋል፤ ስለዚህ የመጀመሪያው ዓይነት ስለት ላይ የብረት ሱፍ አይነካም።

ዝገቱም ይመሰክራል። የዕድሜ ዝገት ወጥ አይደለም፤ ከቆዳው ጋር የተነካካበት ቦታ ይበዛል። ከእጀታ እስከ ጫፍ አንድ ዓይነት ጥቃቅን ጉድጓድ ካያችሁ አሲድ ጠርጥሩ። የሰገባው ክር በአልትራቫዮሌት መብራት ደማቅ ሰማያዊ-ነጭ ካበራም ክሩ ዘመነኛ ሊሆን ይችላል። ይህ ብቻውን ግን ማስረጃ አይሆንም፤ በዘመናዊ ሳሙና የታጠበ አሮጌ ክርም ያበራል።

ጥያቄ፦ ከተደራረበ ቆዳ የተሠራው እጀታ ይሽከረከራል። ልፍታው?

መልስ፦ ቆዳው ደርቆ ስለተኮማተረ ነው። በመጀመሪያ በጣም ስስ የቆዳ ማለስለሻ ቀብተህ ሳምንት ጠብቅ፤ አንዳንዱ በዚህ ብቻ ይይዛል። በቀለበቶቹ መሃል ፈጣን ሙጫ አታፍስስ፤ ቆዳውን ድንጋይ ያደርገዋል፣ ከዚያ በኋላ መፍታትም አይቻልም።

ቆዳው ፈራርሶ መቀየር ግድ ከሆነ የኋላውን ቆብ አያያዝ እይ። በፒን የተያዘ ከሆነ በተገቢው ውፍረት መምቻ ፒኑን አስወጣ። የጭራው ጫፍ ተቀጥቅጦ የተያዘ ከሆነ ግን ለማውጣት መሞረድ ስላለበት ከብረቱ ይቀንሳል፤ ዱካውም አይጠፋም። አዲሶቹን ቀለበቶች እርጥብ ብቻ አድርገህ ደርድር፣ በሞርሳ አጥብቀህ ጭመቅ፣ ሙሉ በሙሉ ሲደርቅ ቆቡን ግጠም። ሳይደርቅ የተገጠመ እጀታ ወር ሳይሞላው ተመልሶ ይላላል። ስትጨርስ በ120 ጀምረህ በ400 ብርጭቆ ወረቀት ቅርጽ አስይዘው። አሮጌዎቹን ቀለበቶች አትጣላቸው፣ ከቢላው ጋር ይቀመጡ።

ጥያቄ፦ የቆዳ ሰገባዬ ሪቬቶች ላይ አረንጓዴ ሰም መሰል ነገር በቅሏል።

መልስ፦ በሪቬቱ ውስጥ ያለው መዳብ ከቆዳው ቅባት ጋር ሲዋሃድ የሚፈጠር ነው። በደረቅ የእንጨት ጥርስ መፋቂያ አንሱት፤ ውሃም አቼቶም አያስፈልግም። ቆዳውን ዘይት ባጠጣችሁት ቁጥር ይመለሳል። በዚህ አጋጣሚ፦ ቢላን በቆዳ ሰገባው ውስጥ አታስቀምጡ። ቆዳ እርጥበት ይይዛል፣ የማልፊያው አሲድና ጨውም ብረቱን ይበላል።

ጥያቄ፦ ስለቱን ልሳለው? ብሉዊንግስ ላድስለት?

መልስ፦ ሁለቱም አይሆንም።

ጥያቄ፦ የኤኬኤም (የሶቪየት ጠመንጃ) ሳንጃ ሰገባ ላይ ያለው ጎማ እየተሰነጠቀ ነው።

መልስ፦ ያ ጎማ ሳንጃውና ሰገባው ተጋጥመው ሽቦ ሲቆርጡ እጅን ከኤሌክትሪክ የሚከላከል ነው። የማሽን ዘይት ያሳብጠዋል፤ በሲሊኮን ብቻ ጥረጉት። የተሰነጠቀው አይመለስም፣ ስለዚህ አትጠምዙት፣ አታውልቁት። የቆየ ጎማ የሰልፈር ጋዝ ስለሚያወጣ መዳብና ነሐስ ካላቸው ዕቃዎች አርቁት።

ጥያቄ፦ ለረጅም ጊዜ ሲቀመጥስ?

መልስ፦ ብረትና ቆዳ አብረው ላሉበት ዕቃ 45–55% እርጥበት ጥሩ ነው፤ ከ65% በላይ ሻጋታና ዝገት፣ ከ35% በታች የቆዳ መሰነጣጠቅ ይመጣል። ሲሊካ ጄል ስትጠቀሙ የእርጥበት መለኪያ አብሮ ይኑር፤ በትንሽ ሳጥን ውስጥ ከመጠን በላይ ያደርቃል። ስለቱን በማይክሮክሪስታላይን ሰም ስስ አድርጋችሁ ቀቡ፤ እንደ ዘይት አይፈስም፣ አቧራም አይሰበስብም። ባዶ እጅ የነካው ብረት ላይ የላብ ጨው የጣት አሻራ ቅርጽ ያለው ዝገት ይተዋል፤ ስለዚህ ከሰሙ በፊት ብረቱን በአልኮል ጥረጉ፣ ከዚያ በኋላ በናይትራይል ጓንት ብቻ ያዙት።