የተቀበረ ዘርና የተኛ ውሃ

ጥያቄ፦ በፎገራ ሜዳ ሩዝ አመርታለሁ። አምና ማሳውን በጥልቅ አርሼ የአረሙን ዘር ቀበርኩት፤ ዘንድሮ መልሼ ባርሰው ግን አረሙ አጥለቀለቀው። ውሃ በተኛበት ጥግ ደግሞ ሳሩ ቀንሶ እንግጫ በዝቷል። ምክንያቱ ምንድን ነው?

መልስ፦ የብዙ አረሞች ዘር ደቃቅ በመሆኑ የሚይዘው ስንቅ ጥቂት ነው፤ ስለዚህ ከ2 ሴንቲ ሜትር በላይ ሲቀበር ቡቃያው ወደ ላይ ሳይደርስ ስንቁን ይጨርሳል፣ አለዚያም ብርሃን ስለሚያጣ ሳይበቅል ያንቀላፋል። እርስዎን ያስቸገረዎት ይህ ማንቀላፋት ይመስለኛል፤ ምክንያቱም ያንቀላፋ ዘር ሳይሞት ለዓመታት ሊቆይ ስለሚችል፣ ማረሻው መልሶ ባወጣው ጊዜ ይነቃል። እንደ ስናር ያለ ትልቅ ዘር ግን ከ10 ሴንቲ ሜትር ጥልቀትም ሊወጣ ይችላል።

ውሃ ሲተኛ በአፈሩ ቀዳዳዎች የነበረው አየር በውሃ ስለሚተካ፣ ዘሩ ለመብቀል የሚያስፈልገውን ኦክስጅን ያጣል። የርብና የጉማራ ጎርፍ የሚያጠጣው ጥቁር አፈር ውሃን ቶሎ ስለማያሳልፍ ይህ በእርስዎ ማሳ ይበረታል። እንግጫ ግን ረግረግን የለመደ ነው፤ ዘሩ በላይኛው ጭቃ ላይ ብርሃን እስካገኘ ድረስ ይበቅላል።

አንድ ጊዜ የቀበሩትን ዘር በተከታዩ ዓመት በጥልቅ አርሰው አያውጡት። ማሳውን ደልድለው፣ ሩዙ ከጠና በኋላ ከ5 እስከ 10 ሴንቲ ሜትር ውሃ ያቁሙበት፤ እንግጫውንም ዘር ሳይጥል በእጅ ይንቀሉት።