ለሰባት ወር ልጅ የትኛው የጉዞ ጋሪ? ከዳለስ እስከ ቦሌ ያየሁት

እህቴ፣ ጥያቄሽን ሳነብ የራሴ የዚያን ጊዜ ጭንቀት ታወሰኝ። ሰባት ወር የሞላትን ልጅሽን ይዘሽ ለገና ከቨርጂኒያ ወደ አዲስ አበባ ብቻሽን ልትሄጂ ነው፤ ባለቤትሽ በሥራ ምክንያት ዘግይቶ ይከተልሻል። ትልቁ ጋሪ ለጉዞ ስለማይመች ትንሽ ታጣፊ ጋሪ መግዛት ፈልገሻል። አውሮፕላን ውስጥ ይገባል ወይ፣ ርካሹ ይበቃል ወይ፣ አዲስ አበባስ ላይ ይጠቅመኛል ወይ ብለሽ ጠይቀሻል። እኔ ወንድ ልጄን ይዤ ሁለት ጊዜ ተጉዣለሁ፤ መጀመሪያ በስምንት ወሩ፣ ቀጥሎም ሁለት ዓመት ሊሞላው ሲል። ለሁለቱ ጉዞዎች ሁለት ጋሪ ገዝቻለሁ፤ የመጀመሪያውን ባልገዛሁት ይሻል ነበር።

የገዛሁት ሱቅ ውስጥ ስገፋው ስለወደድኩት ነው። በለስላሳው ወለል ላይ በአንድ እጅ ሲገፉት ይንሸራተታል፤ ጥላው ሰፊ፣ ቅርጫቱ ትልቅ፣ መቀመጫው ወፍራም። ክብደቱ ወደ 9 ኪሎ ይጠጋ ነበር፤ ያን ጊዜ ግን ምንም አልመሰለኝም። ሻጩ አጥፎ አሳየኝ፣ መልሶ ዘረጋው፣ እኔም ከፍዬ ወጣሁ። በራሴ እጅ አንድም ጊዜ አላጠፍኩትም።

ዋሽንግተን ዲሲ አጠገብ ባለው ዳለስ አየር ማረፊያ የደኅንነት ፍተሻው ላይ ስንደርስ ሕፃኑን ከጋሪው ማውጣት ግዴታ ነው። ጋሪውም ታጥፎ እንደ ሻንጣ በማሽኑ ያልፋል፤ ካልገባ በእጅ ይፈተሻል። ልጄ ግራ ክንዴ ላይ ሆኖ ያለቅሳል። በቀኝ እጄ አንዱን ቁልፍ ተጫንኩ፤ ሌላው ቁልፍ በወዲያኛው ጎን ነው፤ ሁለቱ አብረው ካልተጫኑ አይታጠፍም። በዚያ ላይ ከታች ያለውን ዘንግ በእግር መርገጥ ያስፈልጋል፤ እኔ ደግሞ ጫማዬን አውልቄያለሁ። ከኋላዬ ሰልፉ ቆመ። ነጠላ ያጣፉ አንዲት እናት ከሰልፉ ወጣ ብለው «አምጪው ልጄ፣ እኔ ልያዘው» አሉና ተቀበሉኝ። ልጁ ደረታቸው ላይ ልጥፍ ብሎ ዝም አለ፤ እኔም በሁለት እጄና በአንድ እግሬ ታግዬ አጠፍኩት። እኚያን እናት እስከ ዛሬ እመርቃቸዋለሁ። የጉዞ ጋሪ የሚፈተነው ሲገፋ ሳይሆን ሲታጠፍ መሆኑን የተማርኩት እዚያ ነው። ስለዚህ ልጅ ታቅፈሽ በአንድ እጅ የማታጥፊውን ጋሪ፣ የቱንም ያህል ቢያምር፣ አትግዢው።

አውሮፕላን ውስጥ ይገባል ወይ ላልሽው፣ ሳጥኑ ላይ «ለአውሮፕላን ተስማሚ» የሚለውን ጽሑፍ ብቻ አትመኚ። ዓለም አቀፉ የአየር ትራንስፖርት ማኅበር፣ አያታ የሚባለው፣ ለእጅ ሻንጣ በመመሪያነት ያስቀመጠው ልክ 56 በ45 በ25 ሴንቲ ሜትር ነው፤ አምራቾቹ የሚሠሩት ይህንን እያዩ ነው። ይሁንና ለኢኮኖሚ መንገደኛ 55 በ40 በ23 ሴንቲ ሜትርና 7 ኪሎ ብቻ የሚፈቅዱ አየር መንገዶች ብዙ ናቸው። ለምሳሌ ዮዮ የሚባለው ዝነኛ ጋሪ፣ ሁለተኛው ሞዴል፣ 6.2 ኪሎ ይመዝናል፤ ሲታጠፍ 52 በ44 በ18 ነው። በአያታ ልክ በደንብ ይገባል፤ ጠበቅ ካለው ልክ ግን በወርዱ 4 ሴንቲ ሜትር ያልፋል። ቡጋቡ የሚባለው ኩባንያ የሚሠራው «ባተርፍላይ» 7.3 ኪሎ ነው፤ ሲታጠፍ 45 በ54 በ23 ይሆናል፤ መቀመጫው ሰፋ ስለሚል ለትልቅ ልጅ ይመቻል፤ በክብደቱ ግን ከ7 ኪሎው አለፈ። ጂቢ የሚባለው ድርጅት የሠራው ፖኪት በ2014 እ.ኤ.አ. ሲታጠፍ የዓለም ትንሹ ጋሪ ተብሎ በጊነስ ተመዝግቧል፤ 30 በ18 በ35 ሴንቲ ሜትር፣ 4.3 ኪሎ ነው፤ ከፊትሽ ባለው ወንበር ሥር ሊገባ ይችላል። ነገር ግን ያ የመጀመሪያው ሞዴል መደገፊያው ወደ ኋላ አይዘረጋም፣ መያዣውም ለሁለት የተከፈለ ስለሆነ በአንድ እጅ መግፋት ያስቸግራል። በሌላው እጅሽ ሻንጣ ለምትጎትቺው ለአንቺ ይህ ትልቅ ጉድለት ነው።

እኔ ለሁለተኛው ጉዞ የገዛሁት ከ6 እስከ 7 ኪሎ ከሚመዝኑት መካከል ነው፤ ለአንቺም የምመክርሽ ከዚያ ክልል ነው። ትከሻ ላይ የሚንጠለጠል ማሰሪያ ካለው ይመረጣል። የማይታለፈው ግን ትከሻን፣ ወገብንና መሐል እግርን የሚይዝ ባለ አምስት ነጥብ ቀበቶ ነው። መደገፊያው በደንብ ወደ ኋላ ይዘርጋ፤ ከዳለስ ወደ ቦሌ 13 ሰዓት ያህል የሚፈጅ በረራ ባለበት ጉዞ ልጅ እንቅልፉ የሚመጣው አንቺ በመረጥሽው ሰዓት አይደለም። ልጅሽ ሰባት ወር ስለሆናትና አንገቷ ስለጠና መቀመጡ አያስጨንቅም፤ ከስድስት ወር በታች ላለ ሕፃን ግን ጠፍጣፋ ሆኖ የማይተኛ ጋሪ አይሆንም። ጋሪው ውስጥ እንቅልፍ ቢወስዳትም ማረፊያ ስትደርሺ አውጥተሽ ጠፍጣፋ ቦታ ላይ በጀርባዋ አስተኚያት።

ርካሹ ይበቃል ወይ? ለአንድ ጉዞ ከሆነ ሊበቃ ይችላል፤ ፍሬኑን፣ ቀበቶውንና መታጠፊያውን በእጅሽ ከፈተሽሽ። 400 ዶላርና ከዚያ በላይ ማውጣት ግዴታ አይደለም። ከጓደኛ መዋስ ወይም ያገለገለ መግዛትም ጥሩ ነው፤ ግን የሞዴሉን ቁጥር ይዘሽ የአሜሪካ የሸማቾች ምርት ደኅንነት ኮሚሽን ድረ ገጽ ላይ በጉድለት ምክንያት የደኅንነት ጥሪ ተደርጎበት እንደሆነ አረጋግጪ። ይህን የምልሽ በምክንያት ነው። ቀላሉን ታጣፊ ጋሪ ለዓለም ያስተዋወቀው ኦወን ማክላረን እንግሊዛዊ የአውሮፕላን መሐንዲስ ነበር፤ የስፒትፋየር ተዋጊ አውሮፕላንን የማረፊያ እግር በመንደፍ ሥራ ተሳትፏል፤ በ1965 እ.ኤ.አ. ከአሉሚኒየም የሠራው ጋሪ 3 ኪሎ እንኳን አይሞላም ነበር። በስሙ የሚጠራው ኩባንያ ግን በ2009 እ.ኤ.አ. አሜሪካ ውስጥ ለሸጣቸው አንድ ሚሊዮን ገደማ ጋሪዎች እንዲህ ያለ ጥሪ አድርጓል፤ መታጠፊያው የሕፃናትን ጣት ጫፍ የቆረጠባቸው አደጋዎች ስለደረሱ፣ ለወላጆች የመታጠፊያ መሸፈኛ ታደለ። እነዚያ ጋሪዎች ዛሬም በየምድር ቤቱ ተቀምጠው ይሆናል። አዲስም ሆነ አሮጌ፣ ስትዘረጊውና ስታጥፊው የልጅሽ እጅ ከአጠገቡ ይራቅ።

ወደ ጉዞው ልመለስ። ብዙ አየር መንገዶች የሕፃን ጋሪን እስከ አውሮፕላኑ በር ድረስ እየገፋሽ ሄደሽ በነፃ እንድታስረክቢ ይፈቅዳሉ። ሲመልሱልሽ ግን አንዳንዴ በሩ ላይ፣ አንዳንዴ ሻንጣ መቀበያው ላይ ነው። በመጀመሪያው ጉዞዬ በሌላ አገር በኩል አልፌ ነበር። መሸጋገሪያው ላይ ወርጄ በሩ ላይ ብጠብቅ ጋሪው የለም፤ «በቀጥታ ወደ አዲስ አበባ ተልኳል» ተባልኩ። የሚቀጥለው በረራ ከአራት ሰዓት በኋላ ነበር። እነዚያን አራት ሰዓታት 9 ኪሎ የሚመዝን ልጅ ክንዴ ላይ አድርጌ፣ ቦርሳ ትከሻዬ ላይ አንጠልጥዬ ቆየሁ። ቦሌ ስደርስ ደግሞ የፊት ጎማው ተጣሞ አገኘሁት። ስለዚህ ከማስረከብሽ በፊት በስልክሽ ፎቶግራፍ አንሺው፤ ተጎድቶ ካገኘሽው ከአየር ማረፊያው ሳትወጪ አስመዝግቢ። ከሁሉም በላይ ግን የጨርቅ ማዘያ በእጅ ቦርሳሽ ውስጥ ይኑር። ከጋሪውና ከማዘያው አንዱን ብቻ ልያዝ ብትዪኝ ማዘያውን ያዢ እልሻለሁ።

አዲስ አበባ ላይ ይጠቅማል ወይ ላልሽው፣ እንደምታርፊበት ሰፈር ነው። የኮሪደር ልማቱ ባለፈባቸው መንገዶች፣ ለምሳሌ ቦሌ፣ አራት ኪሎና ፒያሳ፣ የእግረኛ መንገዱ ሰፍቷል፤ ትንንሾቹ ጎማዎች እዚያ ያለችግር ይሄዳሉ። ወዳጅነት ፓርክና አንድነት ፓርክም ለጋሪ ይመቻሉ። የእናቴ ቤት ግን ኮብልስቶን በተነጠፈበት ቅያስ ውስጥ ነው። እዚያ የትንሽ ጋሪ ጎማ በየድንጋዩ መሐል እየገባ ይቆማል፤ ልጁም ይንቀጠቀጣል። ሁለት ቀን ሞከርኩ፤ በሦስተኛው ቀን እናቴ «ነይ ላዝልልሽ» ብላ ልጁን ጀርባዋ ላይ አድርጋ በነጠላ አሰረችው፤ በሩን ሳንወጣ አንቀላፋ። በልጅነቴ በአንቀልባ እንዴት እንደታዘልኩ የነገረችኝም የዚያን ዕለት ነው። ላሊበላ ወይም ጎንደር የምትሄጂ ከሆነ ጋሪውን አዲስ አበባ ትተሽው ሂጂ። የአገር ውስጥ በረራ ብዙ ጊዜ በትንንሾቹ ባለ ፕሮፔለር አውሮፕላኖች ነው፤ ከራስ በላይ ያለው የዕቃ ማስቀመጫቸው ጠባብ ነው፤ የምትሳፈሪውም በደረጃ ነው።

ሁለት ነገር አደራ ልበልሽ። ጋሪው ቀላል ስለሆነ መያዣው ላይ ከባድ ቦርሳ አታንጠልጥዪ። እኔ የዳይፐር ቦርሳውን አንጠልጥዬ ልጁን ሳነሳ ጋሪው ወደ ኋላ ተገለበጠ፤ ልጁ እጄ ላይ ስለነበረ ብቻ ተረፈ። ሌላው ደግሞ ጥር ላይ የአዲስ አበባ የቀትር ፀሐይ ይከብዳል፤ ዘመዶችሽ ጋሪውን በነጠላ ወይም በጋቢ ሙሉ በሙሉ ሊሸፍኑልሽ ይፈልጋሉ። በፍቅር ነው፤ ግን አየር ይዘጋል፣ ውስጡም በፍጥነት ይግላል። ጥላውን ዝቅ አድርጊ፣ ኮፍያ አድርጊላት፣ ፊቷን እያየሽ ሂጂ።

አሁን ልጅሽን ይዘሽ ሱቅ ሂጂ። በግራ እጅሽ ታቅፈሻት፣ በቀኝሽ ጋሪውን አጥፊው፣ ዘርጊው፣ ሦስት ጊዜ። ከዚያ አንሥተሽ ከትከሻሽ በላይ አድርጊው፤ ዕቃ ማስቀመጫው ላይ የምትሰቅዪው እንደዚያ ነውና። ሻጩ ሊያግዝሽ ሲመጣ አመስግነሽ ከልክዪው፤ ፍተሻው ጋ ስትቆሚ እሱ አብሮሽ አይኖርም።