ጭስ የሌለው ከሰል ምን ያደርጋል?

ጥያቄ፦ ይድረስ ለሲስተር። የምጽፍልሽ ከሱሉልታ ነው። ልጄ አራስ ናት፣ ከወለደች ሦስት ሳምንቷ ነው። የዚህን አገር ብርድ ታውቂዋለሽ። ማታ ማታ ከሰሉን ደጅ አቀጣጥዬ፣ ጭሱ አልቆ ፍሙ ሲቀላ አመድ አልብሼ ከአልጋዋ አጠገብ አኖረዋለሁ። ንፋስ እንዳይገባ በበሩ ሥር ጋቢ እወትፋለሁ። ባለፈው ሰኞ ሁለታችንም ራሳችንን ፈልጦን ነቃን። እኔንማ አስመለሰኝ። ሕፃኑ ጡት አልይዝ አለ። ጎረቤቴ «ምች ነው» ብላ ዳማከሴ ጨምቃ ሰጠችን። ፀሐይ ላይ ስንቀመጥ ቀለል አለን፤ ማክሰኞ ጠዋት ግን ያው ነው። ልጄ «ከሰሉ ነው» ትላለች። ጭስ የሌለው ከሰል ምን ያደርጋል? እስቲ ዳኚን።
የሱሉልታዋ አያት

መልስ፦ እማማ፣ እንኳን ማርያም ማረችልዎ። ዳኝነቱ ለልጅዎ ነው።

የቀረውን ከማንበብዎ በፊት ማንደጃውን ያውጡ፣ መስኮቱን ይክፈቱ። ከዚያ አራሷንና ሕፃኑን ይዘው ዛሬውኑ ጤና ጣቢያ ይሂዱ፤ እርስዎም ይታዩ። እዚያ ሲደርሱ «ራሴን አሞኛል» ብቻ ብለው አይቀመጡ። «ከሰል ቤት አስገብተን አድረናል» ይበሉ። ጣት ላይ የሚሰካው የኦክስጅን መለኪያ እዚህ ላይ ያታልላል። በከሰል የተመረዘ ሰው ላይ እንደ ጤነኛ ሰው 98 በመቶ ሊያሳይ ይችላል። ካልነገሯቸው «ደህና ናችሁ» ተብለው ሊመለሱ ይችላሉ።

ምች ቢሆን ሁለታችሁንም በአንድ ሌሊት ይመታችሁ ነበር? አንድ ቤት ያደሩ ሰዎች ትኩሳት ሳይኖራቸው አብረው ከታመሙ፣ ደጅ ሲወጡ ተሽሏቸው ሲመለሱ ከባሰባቸው፣ እኔ መጀመሪያ የምጠይቀው ስለ ማንደጃው ነው።

ጭሱማ ቢያንስ ያስለናል፣ ዓይናችንን አቃጥሎ ያስወጣናል። የሚገድለው ካርቦን ሞኖክሳይድ የሚባለው ጋዝ ነው። አይታይም፣ አይሸትም። ፍሙ ቀልቶ ሲያምር ነው እንዲያውም የምንዘናጋው። አመድ ያለበሱት ፍም ደግሞ እስከ ንጋት ቀስ እያለ ይነዳል፣ እስከ ንጋትም ጋዙን ይተፋል። ደማችን ውስጥ ኦክስጅን የሚሸከመው ሄሞግሎቢን ነው። ይህ ጋዝ ሄሞግሎቢንን ከኦክስጅን ከ200 ጊዜ በላይ አጥብቆ ይይዛል። ታክሲ ውስጥ ወንበሩን ሁሉ ይዞ አልወርድም እንዳለ ተሳፋሪ ነው፤ ኦክስጅን ፌርማታው ላይ ቆሞ ይቀራል። ንጹሕ አየር እየሳቡ እንኳ ግማሹ ከደም እስኪወጣ ከ4 እስከ 6 ሰዓት ይፈጃል። በማስክ ኦክስጅን ሲሰጥ ግን ወደ 1 ሰዓት ተኩል ገደማ ይወርዳል። ወተት መጠጣትና ሎሚ ማሽተት ይህን አያደርጉም።

እኔም ሳውቅ ወድቄበታለሁ። ነርስ ሆኜ በተቀጠርኩ በሁለተኛው ዓመት ቡራዩ ሰርቪስ ቤት ተከራይቼ ነበር። ነሐሴ ነው፣ ዝናቡ ቆርቆሮውን ይደበድበዋል። ቡና ላፈላ ማንደጃውን አስገባሁና በሩን ዘጋሁ። አቦሉን ጠጣሁ። ቶናውን ልቀዳ ስነሳ ጉልበቴ ከዳኝና ረከቦቱ ላይ ተደፋሁ። ጭንቅላቴ «ከሰሉ ነው፣ በሩን ክፈቺ» ይለኛል። በሩ ሁለት እርምጃ ቢሆን ነው። እግሬ ግን እሺ አላለኝም። የአከራዬ ትንሽ ልጅ ፈንዲሻ ፍለጋ በሩን ገፍታ ባትገባ ኖሮ ይህን ዓምድ ሌላ ሰው ይጽፈው ነበር። ቡና ለብቻ አይጠጣም የሚሉት እውነታቸውን ነው።

«ድሮ እንዲህ አልነበረም» ይሉኝ ይሆናል። ድሮም ነበር። ግን ጭቃ ቤት ስንጥቅ አለው፣ ይተነፍሳል። አሁን የምንሠራው የብሎኬት ቤት በአሉሚኒየም መስኮትና በፒቪሲ ኮርኒስ ጥርቅም ያለ ነው። በዚያ ላይ ጋቢ! መስኮት ገርበብ አድርጎ ማስገባትንም አልመክርም፤ ጋዙ ስንቱ ወጥቶ ስንቱ እንደቀረ በዓይን አይለካም። ውሃ በሳህን ማስቀመጥም ዋጋ የለውም፣ ጋዙ ውሃ ውስጥ እምብዛም አይሟሟም።

ብርዱስ? እውነትዎን ነው፣ አራስ ይበርዳታል። ሕፃኑን በዳይፐርና በኮፍያ ብቻ እናቱ ደረት ላይ ገላ ለገላ ያስተኙት፣ ከላይ ብርድ ልብስ ይደርቡ። እሷ ነቅታ ሳለች ነው ታዲያ። ትኩስ ውሃ በጠርሙስ ሞልተው፣ በፎጣ ጠቅልለው አልጋውን ያሙቁበት፤ ልጁ ሊተኛ ሲል ያውጡት። መብራት ካለ የኤሌክትሪክ ማሞቂያ ይሻላል። መብራት ሲጠፋ ጄኔሬተር የምታስነሱ ደግሞ ከቤት ውጭ፣ ከመስኮትም ራቅ ይበል። በረንዳ ላይ አስቀምጦ በር መክፈት ያው ማስገባት ነው።

ውጭ አገር ዘመድ ካለዎት ሽቶውን ትቶ የካርቦን ሞኖክሳይድ ጠቋሚ ያምጣልዎ። በባትሪ የሚሠራ ሆኖ መኝታ ቤት ይደረጋል፣ ጋዙ ሲበዛ ይጮኻል። የጭስ ጠቋሚ ሌላ ዕቃ ነው፣ እንዳይደባለቅ። ጠቋሚ አለኝ ብሎ ማንደጃ ማስገባት ግን የለም!

ከሰል የመታው ሰው ካጋጠመዎት በሩን ከፍተው ወደ ደጅ ያውጡት። እርስዎ እዚያው ውስጥ አይቆዩ። አዲስ አበባ ውስጥ ከሆኑ እሳትና አደጋ 939 ነው፣ የቀይ መስቀል አምቡላንስ ደግሞ 907።

ገንፎውም ቡናውም ደጅ ይፍላ፣ ጀበናው ብቻ ይግባ። ያ ጋቢ ደግሞ ከበሩ ሥር ይነሳና ታጥቦ ለአራሷ ይሁን።