ሶፍትዌሩ «ሸክላ» ቢልም፣ የሜጫ ቀይ አፈር ሌላ ነው

ልጆቼ፣

ብዙዎቻችሁ በጎጃም አፈር ውስጥ የናይትሬትን ወይም የፀረ አረምን ጉዞ በሞዴል ለማስላት ተነስታችኋል፤ ደስ ይላል። ኮምፒውተሩን ከእኔ በላይ ታውቁታላችሁ። እኔ የማወራችሁ ቁጥሮቹ ከየት ይምጡ ስለሚለው ጉዳይ ነው።

የሜጫን ቀይ አፈር እንውሰድ። ቆጋ መስኖ አካባቢ ናሙና ወስዳችሁ ላቦራቶሪ ብታስገቡ ብዙ ጊዜ ውጤቱ «ሸክላ» (እጅግ ደቃቅ ብናኝ የበዛበት አፈር) ይላል። ሃይድረስ (የውኃንና የንጥረ ነገርን ጉዞ በአፈር ውስጥ የሚያሰላው ሶፍትዌር) ላይ ሸክላን ስትመርጡ ታዲያ፣ አፈሩ ውኃ ሲጠግብ የሚያሳልፈውን መጠን በቀን 4.8 ሴንቲሜትር አድርጎ ይሞላላችኋል። በሰዓት 2 ሚሊሜትር መሆኑ ነው! በዚህ ስሌት መርዓዊ ላይ በሐምሌ የሚወርደው ጠንካራ ዝናብ ከሞላ ጎደል ጎርፍ ሆኖ ይሄዳል፤ ናይትሬቱም ከላይ ተቀምጦ ይቀራል። መሬት ላይ ግን ነገሩ ሌላ ነው። የብረት ኦክሳይድ የሸክላውን ብናኝ አጣብቆ ጥራጥሬ ስለሚያደርገው ውኃው በጥራጥሬዎቹ መካከል ፈጥኖ ይሰርጋል። በጣታችሁ ስታሹት መጀመሪያ ይሻክራችኋል፤ ውኃ እየጨመራችሁ ደጋግማችሁ ስታሹት ነው ሸክላነቱ የሚወጣው። የሶፍትዌሩ ቁጥር ደግሞ በ1988 እ.ኤ.አ. ከታተመ፣ ከአሜሪካ አፈር ከተጠናቀረ ሠንጠረዥ የመጣ አማካይ ነው። ቁጥሩ ጥፋት የለበትም፤ አገሩ ሌላ ነው። ስለዚህ ውኃው የሚሰርግበትን ፍጥነት በድርብ ቀለበት (አንዱ በሌላው ውስጥ አፈር ላይ ተተክለው ውኃ በሚሞሉ ሁለት የብረት ቀለበቶች) ማሳው ላይ ለኩ፤ ያልተረበሸ ናሙናም በትንሽ የናሙና ቀለበት አውጡ።

ኬዲ (ንጥረ ነገሩ ከአፈሩ ጋር ምን ያህል እንደሚያያዝ የሚነግረው ቁጥር) ላይ ስትደርሱ አሃዱን ተጠንቀቁ። ባልክ ዴንሲቲውን (የደረቀውን አፈር ክብደት ለይዘቱ) በኬዲ አባዝታችሁ፣ በእርጥበቱ (ከአፈሩ ይዘት ውኃው በያዘው ድርሻ) አካፍላችሁ፣ 1 ስትደምሩ መዘግየቱን፣ ማለትም ንጥረ ነገሩ ከውኃው ስንት እጥፍ እንደሚዘገይ ታገኛላችሁ። ባልክ ዴንሲቲው በኪዩቢክ ሴንቲሜትር 1.2 ግራም፣ ኬዲው በግራም 0.5 ሚሊሊትር፣ እርጥበቱ 0.4 ቢሆን መልሱ 2.5 ነው። ባልክ ዴንሲቲውን በኪዩቢክ ሜትር 1200 ኪሎግራም ብላችሁ ኬዲውን እንዳለ ከተዋችሁት ግን 1501 ይወጣል። ኮምፒውተሩ አይከራከራችሁም፤ ንጥረ ነገሩን ካለበት ሳያነቃንቅ ያማረ ግራፍ ይስልላችኋል።

ለናይትሬት ኬዲውን ዜሮ ማድረግ የተለመደ ነው፤ ብዙ ቦታም ያስኬዳል። አሲዳማ በሆነው ቀይ አፈራችን ውስጥ ግን ጥልቁ ክፍል አዎንታዊ (ፖዘቲቭ) የኤሌክትሪክ ሙል ስለሚኖረው፣ አሉታዊ ሙል ያለውን ናይትሬት ያዝ ሊያደርግ ይችላል። ኖራ ሲጨመር ይህ ሙል ይቀንሳል። ስለዚህ ናሙና ስትወስዱ ገበሬውን «ጋሼ፣ እዚህ ማሳ ላይ ኖራ በትነው ያውቃሉ?» ብላችሁ ጠይቁ፤ መልሱን ከናሙናው ቁጥር ጎን ጻፉት።

ዲስፐርሲቪቲን (ንጥረ ነገሩ ሲጓዝ ምን ያህል እንደሚበታተን የሚገልጸውን ርዝመት) በተመለከተ፣ በላቦራቶሪ ቱቦ ውስጥ ተጠቅጥቆ የተገኘ ቁጥር ለማሳ ያንሳል። መነሻ ካጣችሁ የጉዞውን ርቀት አንድ አሥረኛ ያዙ፤ ለ1 ሜትር 10 ሴንቲሜትር ማለት ነው። ከዚያ በልኬት አስተካክሉት።

እነዚህን ፓራሜትሮች (ሞዴሉ የሚፈልጋቸውን ቁጥሮች) ሁሉ ባንዴ ለሶፍትዌሩ ሰጥታችሁ «አንተው ፈልግ» አትበሉት። አንዱ የሌላውን ስህተት እየሸፈነ መስመሩ ከነጥቦቹ ጋር ግጥም ይላል፤ እናንተም ትሸወዳላችሁ። መጀመሪያ በእርጥበት ልኬት የውኃውን ጉዞ ቁጥሮች አስተካክሉ፤ ቀጥሎ ከአፈሩ ጋር እምብዛም በማይያያዝ መከታተያ፣ ለምሳሌ በብሮማይድ፣ ዲስፐርሲቪቲውን አውጡ (ቀይ አፈሩ ብሮማይድንም ሊይዝ እንደሚችል ሳትረሱ)። ኬዲ የመጨረሻው ይሁን። አሰልቺ ነው፤ አማካሪያችሁም «ቶሎ ጨርሱ» ማለቱ አይቀርም።

ወደ ቢቸና ሄዳችሁ ዋልካ (የሚያብጥና የሚሰነጠቅ ጥቁር አፈር) ላይ ለምትሠሩት ደግሞ ሌላ ጣጣ አለ። በበጋ ንቃቃቱ እጅ ያስገባል፤ የመጀመሪያው ዝናብ ዩሪያውን ይዞ በዚያ በኩል ቁልቁል ይወርዳል። ክረምቱ ሲገፋ አፈሩ አብጦ ይዘጋል፤ ውኃው ላይ ላዩን ይተኛል። ለሁለቱ ወቅት አንድ የውኃ ማስተላለፍ አቅም አይበቃም። በግንቦት ንቃቃቱ ሳይዘጋ አንድ ጊዜ፣ በነሐሴ ደግሞ ሌላ ጊዜ ለኩ። ለነሐሴው ቦት ጫማ አትርሱ።